የጨለመ አምፖልና የጥያቄ ቅደም ተከተል፦ የቤት መብራት ብልሽት ፍለጋ አጭር ታሪክ

መግቢያ

በከተሞቻችን ማታ ማታ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ልማድ አለ። የቤቱ ባለቤት ማብሪያውን ይጫናል፤ አምፖሉ ግን አይበራም። ደግሞ ይጫናል፤ አሁንም የለም። ከዚያ በኋላ ከቤተሰቡ አንዱ ተነሥቶ ወደ መስኮት ይሄድና የጎረቤትን ቤት ይመለከታል። ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ እንደ ሆነ «መብራት ሄዷል» ይባልና ሻማ ይፈለጋል፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል። ጎረቤት ብርሃን ካለ ግን ጉዳዩ የቤቱ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው፤ ወንበር ይቀርባል፣ አምፖል ይፈታል፣ ሠራተኛም ይጠራል።

ይህች በመስኮት በኩል የምትደረግ ምልከታ ቀላል ብትመስልም በመሐንዲስ ዓይን ሲመዝኗት እውነተኛ ልኬት ናት። ከማመንጫው ተነሥቶ አምፖሉ እስኪደርስ ድረስ ኮረንቲው የሚጓዝበት መንገድ በብዙ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነው። ምልከታዋ ይህን ረጅም መንገድ በቤቱ ደጃፍ ላይ ለሁለት ትከፍለውና ብልሽቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ያለ ምንም መሣሪያ ታስታውቃለች። በተለይም በአማርኛ «መብራት» የሚለው ቃል አምፖሉንም፣ ብርሃኑንም፣ ከማመንጫው የሚመጣውንም ኃይል በአንድነት የሚጠራ በመሆኑ፣ «መብራት የለም» የተባለ እንደ ሆነ የትኛው መብራት እንደሌለ መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የኤሌክትሪክ ብርሃን ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚነገረው አምፖሉን ስላበሩት ሰዎች ነው። አምፖሉ እምቢ ባለ ጊዜ «ለምን?» ብለው የጠየቁት፣ ጥያቄውንም በምን ቅደም ተከተል መጠየቅ እንደሚገባ በብዙ ኪሣራ የተማሩት ሰዎች ታሪክ ግን እምብዛም አይነገርም። ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው ታሪክ ከፊተኛው ያነሰ ጥቅም የለውም። ምክንያቱም የማይበራ አምፖል ኮረንቲ የሌለበት አምፖል ነው ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ሳያውቁ ወንበር ላይ ወጥተው እጃቸውን የሰደዱ ሰዎች በየአገሩ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር በታች የተገኘ ትምህርት

ኩራዝ ወይም ፋኖስ ሲጠፋ ምክንያቱን ዓይን ያየዋል። ላምባው አልቋል፣ ክሩ አጥሯል፣ ወይም ነፋስ መትቶታል። ኤሌክትሪክ የገባበት ቤት ግን አዲስ ዓይነት ችግር ገጠመው፤ የተበላሸውና ያልተበላሸው ሽቦ በመልክ አንድ ናቸው። ዓይን የማያየውን ብልሽት የመፈለግ ዘዴ የተጀመረው አምፖል ከመፈልሰፉ በፊት በቴሌግራፍ ሥራ ላይ ነው።

በነሐሴ ወር 1858 ከአየርላንድ እስከ ኒውፋውንድላንድ ድረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል ላይ የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ገመድ መልእክት ማስተላለፍ ቢጀምርም ከጥቂት ሳምንታት በላይ አልቆየም። ምልክቱ እየደከመ በሄደ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሥራው ኃላፊ የነበረው ዋይልድማን ኋይትሀውስ ብልሽቱ የት እንዳለ በመለካት ፈንታ ቮልቴጁን ከፍ አደረገ፤ ወደ 2,000 ቮልት የሚጠጋ ኃይል እንደ ተጠቀመ ይነገራል። ከመጀመሪያውም ደካማ የነበረው የገመዱ ሽፋን ይህን ሊችል አልቻለም፤ ገመዱም ፈጽሞ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥትና ኩባንያው በጋራ ያቋቋሙት የምርመራ ኮሚቴ ውጤቱን በ1861 አወጣ። ከምርመራው የተገኘው ዋና ትምህርት ሥራው በግምት ሳይሆን በልኬት መመራት እንዳለበት የሚያሳይ ነበር።

ለመለካት ግን መለኪያ ያስፈልጋል። ጌኦርግ ኦም የኮረንቲን፣ የቮልቴጅንና የሬዚስታንስን፣ ማለት ሽቦው ለኮረንቲ የሚያሳየውን ተቃውሞ ግንኙነት በ1827 አሳትሞ ነበር። ሳሙኤል ክሪስቲ በ1833 ያቀረበውን የማነጻጸሪያ ዘዴ ቻርልስ ዊትስቶን በ1843 ለዓለም አስተዋወቀው፤ መሣሪያውም ዛሬ በዊትስቶን ስም ይጠራል። ነገር ግን ሁሉም የሚስማማበት የተቃውሞ መለኪያ ስላልነበረ የአንዱ መሐንዲስ ቁጥር ለሌላው ትርጉም አልነበረውም። የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር በ1861 ኮሚቴ አቋቁሞ ሥራውን ጀመረ፤ በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤም ኦምን፣ ቮልትንና አምፔርን አጸደቀ። የአንድ ሜትር ሽቦ ተቃውሞ ከታወቀ፣ ከባሕሩ ዳር ቆሞ የሚለካ ሰው ገመዱ ከስንት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እንደ ተጎዳ ማስላት ይችላል። ብልሽት ፍለጋ ከግምት ወደ ስሌት የተሻገረው በዚህ ነው።

በ1865 ግሬት ኢስተርን የተባለችው መርከብ ሁለተኛውን ገመድ ስትዘረጋ ልኬቱ ሳያቋርጥ ይካሄድ ነበር። በመንገድ ላይ የሽፋኑ መጎዳት ታወቀና ገመዱ ከባሕር ተጎትቶ ሲወጣ ሽፋኑን የወጋ ቁራጭ ሽቦ ተገኘበት። ነገሩ በተደጋገመ ጊዜ ሆን ብሎ ገመዱን የሚወጋ ሰው አለ ተብሎ ሠራተኞች ተጠረጠሩ፤ ዘብም ቆመ። በመጨረሻ ግን ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የገመዱ የራሱ የውጭ ሽቦ ተሰባብሮ ወደ ውስጥ በመግባቱ ሊሆን እንደሚችል ታየ። ያ ገመድ ከመንገዱ ግማሽ በላይ ከተዘረጋ በኋላ ተበጥሶ ሰጠመ፤ በ1866 አዲስ ገመድ ከተዘረጋ በኋላ ደግሞ ከባሕር ተፈልጎ ወጥቶ ተቀጠለ። ሰውን ከመጠርጠር በፊት ዕቃውን መመርመር እንደሚገባ ይህ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው።

ከተከታታይ ወደ ትይዩ

የመጀመሪያዎቹ የመንገድ መብራቶች በአርክ ብልጭታ የሚበሩ ሲሆኑ እንደ ዶቃ በአንድ ሽቦ ላይ በተከታታይ የተሰኩ ነበሩ። ቻርልስ ብረሽ በ1879 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ አደባባይ ያበራቸው 12 መብራቶች በዚህ ዘዴ የተዘረጉ ናቸው። የዘዴው ጉድለት ግልጽ ነው፤ አንዱ ከተቋረጠ ሁሉም ይጨልማሉ፤ ሁሉም ከጨለሙ ደግሞ ጥፋተኛው የትኛው እንደ ሆነ አይታወቅም። ብረሽ ስለዚህ እያንዳንዱ መብራት ሲበላሽ ኮረንቲው በአጠገቡ እንዲያልፍ የሚያደርግ መሣሪያ ጨመረበት።

ቶማስ ኤዲሰን ችግሩን ከሥሩ የፈታው አምፖሎቹን በትይዩ በማገናኘት ነው። በጥቅምት ወር 1879 የተሳካለት የካርቦን አምፖል ከፍተኛ ተቃውሞ ያለው እንዲሆን አጥብቆ የደከመውም ለዚህ ነበር፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በትይዩ ለሚዘረጋው ሽቦ የሚያስፈልገው መዳብ ወጪው የማይቻል ይሆን ነበር። ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሌላው የዚህ አሠራር ጥቅም ግን ለብልሽት ፍለጋ የሚሰጠው ነው። በትይዩ ከተገናኙት አምፖሎች አንዱ ሲጠፋ ሌሎቹ እየበሩ ይቀጥላሉ፤ የጠፋውም ቦታውን በራሱ ይናገራል። ዛሬ የሳሎኑ አምፖል ጠፍቶ የጓዳው ሲበራ «አምፖሉ ወይም ማብሪያው ነው» የምንለው በዚህ የተነሣ ነው።

በ1880 ኤዲሰን ለአምፖል ሰርኪዩት የደኅንነት ሽቦ፣ ማለት በዛሬ ስሙ ፊዩዝ፣ የፈጠራ መብት አገኘበት። ፊዩዝ ቤቱን ከቃጠሎ የሚጠብቅ ብቻ አይደለም፤ መስካሪም ነው። ቀልጦ የተገኘ ፊዩዝ ከመጠን ያለፈ ኮረንቲ እንዳለፈበት ይናገራል። ይህን ምስክርነት ሳያዳምጡ በወፍራም ሽቦ የሚተኩት ግን ምስክሩን አፉን ዘግተው ያሰናበቱ ናቸው፤ ለቀጣዩም ጥፋት መንገድ ይጠርጋሉ።

በመስከረም 4 ቀን 1882 በኒውዮርክ የፐርል ጎዳና ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ያበራው 400 ያህል አምፖል ነበር። በዚያው ዓመት የባንክ ባለቤቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን በማዲሰን ጎዳና የነበረውን መኖሪያ ቤቱን በራሱ ማመንጫ በኤሌክትሪክ አስበራ። በግቢው በስተኋላ በተቆፈረ ምድር ቤት ውስጥ የእንፋሎት ሞተርና ዲናሞ ተተክሎ ነበር፤ መሐንዲሱ ከሰዓት በኋላ ገብቶ ሌሊት በ5 ሰዓት ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ሰዓቱን ሳያስተውሉ ያመሹ እንግዶች በድንገት ጨለማ ውስጥ ይቀሩ ነበር። ይህ ብልሽት እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ለእንግዳው ብልሽትም ቢሆን የሰዓት እላፊም ቢሆን ጨለማው አንድ ነው። ከጊዜ በኋላ ደግሞ የከፋ ነገር ደረሰ። የኤዲሰን የቅርብ የሥራ ባልደረባ የነበረው ኤድዋርድ ጆንሰን ለሞርጋን የጽሕፈት ጠረጴዛ መብራት ለመስጠት ሽቦውን ከምንጣፉ ሥር ዘርግቶ በብረት እሾህ አገናኝቶት ነበር። አንድ ሌሊት ባለቤቶቹ ወጥተው ሳሉ እሳት ተነሣና ጠረጴዛውና ምንጣፉ ተቃጠሉ። ከምርመራው በኋላ የተደረሰበት መደምደሚያ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የአዘረጋጉ ነው የሚል ነበር፤ ሞርጋንም መብራቱ እንደ ገና እንዲዘረጋለት አደረገ። ከስንት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ በጥንቃቄ ይለያል፤ ብዙውን ጊዜ የሚወቀሰው ኤሌክትሪክ ራሱ ነው።

ማብሪያው በየትኛው ሽቦ ላይ?

የመብራት እሳት በየቦታው መነሣት ሲጀምር ደንብ ማውጣት ግድ ሆነ። የእንግሊዝ የቴሌግራፍና የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር በ1882 ከኤሌክትሪክ መብራት የሚነሣ የቃጠሎ አደጋን ለመከላከል የሚያስችል ደንብ አወጣ፤ በአሜሪካም በ1897 ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ታተመ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ደንቡን ያወጡት የሙያ ማኅበራት መሆናቸው ነው፤ መሐንዲሶቹ የየራሳቸውን ልምድና ስሕተት አንድ ላይ አምጥተው ለመጭው ትውልድ አቆዩት።

ማብሪያና ማጥፊያው ራሱም የብልሽት ምንጭ ነበር። በዝግታ የሚከፈት ማብሪያ በሁለቱ ብረቶች መካከል ብልጭታ ፈጥሮ ጫፎቹን ያቃጥላቸዋል። በኒውካስል የነበረው ጆን ሄንሪ ሆልምስ በ1884 ጣት በዝግታ ቢገፋውም እንኳ በስፕሪንግ ኃይል በቅጽበት የሚላቀቅ ማብሪያ ፈለሰፈ። ዛሬ ማብሪያ ስንጫን የምንሰማው «ቀጭ» የሚል ድምፅ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። ማብሪያው ድምፁን ካጣ፣ ከላላ፣ ወይም ሲነኩት ከሞቀ፣ አምፖሉን ከመቀየር በፊት እርሱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ማብሪያው የሚቆርጠው የትኛውን ሽቦ ነው የሚለው ነው። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን ፌዝና ኒውትራል በተባሉ ሁለት ሽቦዎች ይመጣል። ማብሪያው ፌዙን ከቆረጠ አምፖሉ ሲጠፋ መያዣውም ከኃይል ይላቀቃል። በስሕተት ኒውትራሉን ከቆረጠ ግን አምፖሉ ቢጠፋም መያዣው እስከ 220 ቮልት ድረስ ሕያው እንደ ሆነ ይቀራል። ሁለቱም አዘረጋግ አምፖሉን እኩል ያበራሉ፣ እኩል ያጠፋሉ፤ በማየት ሊለዩ አይችሉም። ልዩነታቸው የሚታየው አንድ ሰው ማብሪያውን አጥፍቶ «ጠፍቷል» ብሎ እጁን በሰደደ ጊዜ ነው። በጥርስ የሚጠመጠመው የአምፖል መያዣ ላይም እንዲሁ ፌዙ ከታች ካለው ከመካከለኛው ነጥብ ጋር፣ ኒውትራሉ ደግሞ ከጥርሱ ብረት ጋር መገናኘት ይኖርበታል። የተገለባበጠ እንደ ሆነ አምፖሉን የሚፈታው ጣት የሚነካው ብረት ፌዝ ይሆናል።

ቁጥሮቹን ማነጻጸር አደጋውን ግልጽ ያደርገዋል። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚወስደው 0.27 አምፔር ያህል ነው። በዛሬው ጊዜ ሰውን ለመጠበቅ የሚተከለው ልዩ መቁረጫ የሚሠራው 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለት 0.03 አምፔር ወደ መሬት ሲያፈተልክ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ አምፖል የምትወስደው ኮረንቲ ከዚህ የአደጋ መስመር 9 ጊዜ ይበልጣል፤ ባለ 10 አምፔር ፊዩዝ ደግሞ ከ300 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ፊዩዝ ሽቦን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኮረንቲ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ለብዙ ዓመታት ያጠናው ቻርልስ ዳልዚየል በ1961 ለዚህ የሚሆን መቁረጫ የሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዘወትር የሚጠረጠረው አምፖል

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ አስቀድሞ አምፖሉን ይጠረጥራል፤ ለብዙ ዘመን ጥርጣሬው ትክክል ነበር። ዊልያም ኩሊጅ በ1910 ገደማ ተንግስተንን ወደ ቀጭን ሽቦ የመሳብ ዘዴ ካገኘ በኋላ የተንግስተን አምፖል ዓለምን አዳረሰ። ዋናዎቹ አምፖል ሠሪዎች በ1924 በጄኔቫ ፌቡስ የተባለውን ስምምነት አቋቁመው የአምፖል ዕድሜ 1,000 ሰዓት እንዲሆን ወሰኑ፤ ከዚህ በላይ የሚቆይ አምፖል የሠራ አባልም መቀጫ ይከፍል ነበር። በቀን 5 ሰዓት የሚበራ አምፖል በዚህ ስሌት ከ200 ቀን በላይ አይዘልቅም። እንግዲህ የቤት እመቤቷ «አምፖሉ ተቃጥሏል» ስትል ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት በስብሰባ የተወሰነ ነገር እየመሰከረች ነበር ማለት ይቻላል።

አምፖል አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ሲበራ ቆይቶ ሳይሆን ገና ማብሪያው ሲጫን መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ምክንያቱ ግን ጠንቅቆ አይታወቅም። ባለ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ ተቃውሞው 800 ኦም ያህል ነው። ሲቀዘቅዝ ግን ከ10 እጅ በላይ ወርዶ ወደ 60 ኦም ይጠጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ከመደበኛው ከ10 ጊዜ በላይ የሚበልጥ ኮረንቲ ያልፍበታል፤ በእርጅና የሳሳችው ፊላመንት የምትበጠሰውም ያኔ ነው። ይህን ያልተረዳ ጀማሪ አምፖሉን በኦም መለኪያ ለክቶ 60 ሲያነብ «ስሌቱ 800 ይላል፤ አምፖሉ ተበላሽቷል» ብሎ ጤነኛውን ይጥለዋል። መለኪያው አልዋሸም፤ የተሳሳተው ንባቡን የተረጎመው ሰው ነው።

የመለኪያዎች መዋሸትና መመስከር

የቤት ሽቦ ሠራተኛ መሣሪያውን በኪሱ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። ሲድኒ ኤቨርሼድ በ1889 የሽቦ ሽፋንን የሚፈትን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ሠራ፤ በኋላም በ1903 ሜገር በተባለ ስም ተመዘገበ። የእንግሊዝ የፖስታ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ዶናልድ ማካዲ ደግሞ ለእያንዳንዱ ልኬት የተለየ መሣሪያ መሸከም ሰልችቶት አምፔርን፣ ቮልትንና ኦምን በአንድ ሣጥን አሰባሰበ፤ አቮሜትር የተባለው መሣሪያ በ1923 ለገበያ ቀረበ። ዳንኤል ሙር በ1917 የሠራት ትንሽ የኒዮን መብራት ደግሞ ከጊዜ በኋላ በካቻቢቴ እጀታ ውስጥ ገብታ ዛሬ በየቤቱ ያለው ቴስተር ሆነች።

በቴስተሩ ውስጥ ከኒዮኗ ጋር በተከታታይ 1 ሚሊዮን ኦም የሚጠጋ ተቃውሞ ስላለ በያዘው ሰው አካል የሚያልፈው ኮረንቲ ከ0.22 ሚሊ አምፔር አይበልጥም፤ ይህም የማይሰማ ነው። ቴስተሩ ግን በሁለት በኩል ሊዋሽ ይችላል። አንደኛ፣ ከሕያው ሽቦ ጎን ለጎን የተዘረጋ የተቋረጠ ሽቦ ላይ ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ይችላል። ሁለተኛ፣ ኒዮኗ ተሰንጥቃ ወይም ያዡ ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ ቆሞ እንደ ሆነ ፌዝ እያለ ላይበራ ይችላል። ገዳዩ ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሠራተኞች ያቆዩት ልማድ አለ፤ ቴስተሩን መጀመሪያ ሕያው መሆኑ በታወቀ ሶኬት ላይ ይሞክሩታል፣ ቀጥሎ የተጠረጠረውን ሽቦ ይፈትኑበታል፣ መጨረሻም ወደዚያው ሶኬት ተመልሰው እንደ ገና ያረጋግጡታል። ከሦስቱ ፍተሻዎች ሁለቱ የሚፈትኑት ሽቦውን ሳይሆን መሣሪያውን መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

በአገራችን

ወደ ኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራት የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ሲሆን የበራውም በቤተ መንግሥት ነበር። በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተሠራ። በ1956 የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ብርሃንና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ሕዝቡም «መብራት ኃይል» ሲል ጠራው። በ1960 በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ ማመንጫ ሥራ ሲጀምር በከተሞች የመብራት ተጠቃሚው ቁጥር እየሰፋ ሄደ።

የሙያው ቋንቋ ከማን እንደ ተወረሰ ዛሬም ይሰማል። ኮረንቲ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ፌዝ፣ ፊዩዝ፣ ሶኬት፣ ቴስተር የመሳሰሉት ደግሞ በሌላ በር ገብተዋል። ሙያው በአመዛኙ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ነው። ከዚህም የተነሣ መልካሙ ልማድ እንደ ተላለፈ ሁሉ ስሕተቱም አብሮ ተላልፏል፤ ማብሪያውን በኒውትራል ላይ ያሰረ ሠራተኛ ለረዳቱ ያስተማረው ያንኑ ነው።

የሦስት ፌዝ መስመር ከተስፋፋ በኋላ ደግሞ የጥንቶቹ የማያውቁት ብልሽት መጣ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች በሦስቱ ፌዞች ተከፋፍለው አንድ ኒውትራል ይጋራሉ። የጋራው ኒውትራል ከምሰሶ ላይ ቢበጠስ የቤቶቹ ድርሻ 220 ቮልት መሆኑ ይቀራል፤ ብዙ ዕቃ የሚሠራበት ፌዝ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ጥቂት ዕቃ ያለበት ደግሞ ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላል። በአንዱ ቤት አምፖል እንደ ጧፍ ሲደበዝዝ በጎረቤቱ ከመጠን በላይ ደምቆ ይቃጠላል። እዚህ ላይ በመስኮት የምትደረገው የቀድሞዋ ምልከታ ብቻዋን አትበቃም፤ ጎረቤት ስለ በራ ብቻ መስመሩ ጤነኛ ነው አይባልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ትክክለኛው እርምጃ አምፖል መቀያየር ሳይሆን ዋናውን ማጥፊያ ዘግቶ ለመስመሩ ባለቤት ማስታወቅ ነው።

አዲስ አምፖል፣ አሮጌ ጥያቄ

በ1938 ለገበያ የወጣው ረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል በቢሮና በትምህርት ቤት ሲስፋፋ ተጠርጣሪዎቹ ከአንድ ወደ ሦስት ከፍ አሉ፤ አምፖሉ፣ ስታርተሩና ባላስቱ። ብልጭ ድርግም እያለ የማይበራ እንደ ሆነ አስቀድሞ ስታርተሩን፣ ጫፎቹ ጠቁረው ከሆነ አምፖሉን፣ ምንም የሕይወት ምልክት ከሌለ ደግሞ ባላስቱንና ሽቦውን መመርመር ልማድ ሆነ። ርካሹንና ለመድረስ ቀላሉን አስቀድሞ መፈተን የሚለው መመሪያ በሠራተኞች ዘንድ የጸናው እንዲህ ባሉ ሥራዎች ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እስከ 2012 ባለው ጊዜ የተንግስተኑን አምፖል ከቤት መብራት ገበያ ደረጃ በደረጃ አስወጣ፤ በ2014 ደግሞ ሰማያዊውን ኤል ኢ ዲ የፈለሰፉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የኤል ኢ ዲ አምፖል ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚገኘው በተከታታይ የተሰኩ ትናንሽ ነጥቦች ረድፍ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ ቢቋረጥ ረድፉ በሙሉ ይጨልማል። የብረሽ የ1879 ችግር ከአደባባይ ወጥቶ በአንድ አምፖል ውስጥ ተመልሶ ገባ ማለት ነው።

ሌላም ነገር ተመልሷል። ኤል ኢ ዲ እጅግ ጥቂት በሆነ ኮረንቲ ስለሚበራ ማብሪያው ጠፍቶም ሌሊቱን በደብዛዛው ሲያበራ የሚታይባቸው ቤቶች አሉ። አንዳንዴ ምክንያቱ ጎን ለጎን የተዘረጉት ሽቦዎች የሚፈጥሩት ጥቂት ኮረንቲ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማብሪያው በኒውትራል ላይ በመታሰሩ ነው። የተንግስተኑ አምፖል ይህን ስሕተት ለብዙ ዘመን ሸሽጎት ነበር። ባለቤቶቹ «አምፖሉ ርካሽ ስለ ሆነ ነው» ብለው ሌላ ይገዛሉ፤ አምፖሉ ግን ምናልባት ከብዙ ዓመታት በፊት የተሠራውን ስሕተት ማጋለጡ ሊሆን ይችላል።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል አጭር ነው። ሰፈሩ ነው ወይስ ቤቱ? ቤቱ በሙሉ ነው ወይስ አንዱ ክፍል? ፊዩዙ ምን ይላል? ዋናው ማጥፊያ ተዘግቶ፣ መሣሪያውም ተፈትኖ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አምፖሉ፣ መያዣው፣ ማብሪያው፣ በመጨረሻም በግድግዳው ውስጥ ያለው የሽቦ መገናኛ። እያንዳንዱ ጥያቄ የቀረውን መንገድ ያሳጥራል፤ የትኛውም ጥያቄ ግን የሰውን እጅ ከመሣሪያው አያስቀድምም።

የባሕሩን ገመድ ያጡት፣ የቤታቸውን ምንጣፍ ያቃጠሉት፣ ደንቡን ያረቀቁት ሁሉ ለዚህ ቅደም ተከተል ዋጋ ከፍለዋል። የቤት ሽቦ ለብዙ መሐንዲሶች አነስተኛ ሥራ መስሎ ይታያል፤ ግድቡና ከፍተኛ መስመሩ የበለጠ ያጓጓል። ነገር ግን ሕዝቡ በየቀኑ በእጁ የሚነካው የሥራችን ጫፍ የግድግዳው ማብሪያ ነው። አንድ ቤት ሲያልቅ ከመረከብ በፊት ማብሪያዎቹን አጥፍቶ በየመያዣው ፌዝ መኖር አለመኖሩን መፈተን ለእያንዳንዱ አምፖል ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የሽቦውን አዘረጋግ የሚያሳይ ንድፍ በቆጣሪው ሣጥን ክዳን ላይ ለጥፎ መሄድም ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይወስድም። ከሃያ ዓመት በኋላ በጨለማ ወንበር ላይ የሚወጣው ሰው ንድፉን ማን እንደ ለጠፈው አያውቅም፤ እጁን የት እንደሚሰድ ግን ያውቃል።